መለኪያሽን ይዘሽ ቅጂ፦ ኩሌ ላለችው ልጄ የዊስኪ ሳወር ምክር

ልጄ፣ ከምትሠሪበት ከኩሌ የስደተኞች ካምፕ ደውለሽ «ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼ ግቢያችን ይመጣሉ፤ ዊስኪ ሳወር ልሠራላቸው አስቤያለሁ፤ ዕድሜዎን ከባንኮኒ ኋላ ያሳለፉ ሰው ነዎትና ይንገሩኝ» ያልሽኝን በስልክ ለመመለስ አልፈለግኩም። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሚነገር ነገር አይደለም። መጠጡ ራሱ ቀላል ነው፤ ዊስኪ፣ ሎሚና ጣፋጭ ነገር ብቻ ነው። አሜሪካዊው ጄሪ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው የቡና ቤት አሳላፊዎች መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል፤ ከዚያ ወዲህም መሠረቱ አልተነካም። የሚከብደው ጋምቤላ ላይ፣ ሙቀቱ አርባን በሚነካበት አገር፣ መብራት እየመጣ በሚሄድበት ቤት፣ በንጹሕ ነገርና በልክ መሥራቱ ነው። ስለዚህ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩልሽ። አንቺ ነርስ ነሽ፤ በልክ መሥራት ሙያሽ ነውና አብዛኛውን ሳልጨርሰው ትረጂኛለሽ።

1. ከሁሉ በፊት መለኪያ ይኑርሽ። በዓይን የሚቀዳ ሰው የመጀመሪያውን ብርጭቆ በልክ፣ ሦስተኛውን በፍቅር፣ አምስተኛውን በጀብድ ይቀዳል፤ እንግዳው ደግሞ ምን ያህል እንደጠጣ ሳያውቅ ይነሣል። የቡና ቤት ብረት መለኪያ ከሌለሽ ከፋርማሲ አዲስ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዢ፤ መርፌውን ጥለሽ ቱቦውን ለወጥ ቤት ብቻ አድርጊው። ከክሊኒኩ እንዳታመጪ፤ የሕመምተኛ ዕቃ ነው። የሕፃናት ሽሮፕ የሚመጣበት ምልክት ያለው ትንሽ ኩባያም ይሆናል።

የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ዊስኪ 45 ሚሊ ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 20፣ ወፍራም ብርዝ 15። በውጭ አገር መጻሕፍት ዊስኪው 60 ተብሎ ታገኚዋለሽ። እኔ ሆን ብዬ ቀንሼዋለሁ። 40 በመቶ አልኮል ያለው ዊስኪ 45 ሚሊ ሊትሩ ወደ 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር የሚቀራረብ ነው። 60 ሲሆን ግን አንድ ብርጭቆ መስሎ አንድ ተኩል ቢራ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ላብ ሲወጣው ለዋለ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ቢራ የለመደ ሰው ቁጥሩን በቢራ ያስባልና አንድ ብርጭቆሽ አንድ ቢራ ቢሆንለት ራሱን መቁጠር ይችላል።

2. ጠርሙሱን እይ። ውድ ዊስኪ አያስፈልግሽም። ሎሚና ማር ለሚገባበት መጠጥ ሬድ ሌብልን የመሰለ ቅይጥ ስኮች ይበቃል፤ ስኮች ሕጉ ራሱ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል ተኝቶ እንዲወጣ ያስገድደዋል፤ ለዚህ ሥራ ያ ጭስና እንጨት ይበቃዋል። የአሜሪካኑ ቡርቦን ከግማሽ በላይ በቆሎ ስለሆነ ለስለስና ጣፈጥ ይላል፤ እሱን ካገኘሽ ማሩን ትንሽ ቀንሺ። ብላክ ሌብሉን ለብቻው በውሃ ለሚጠጡ አባቶች ተዪላቸው።

የምፈራልሽ ሌላ ነው። ባዶ የዊስኪ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ማን እንደሚገዛው፣ ምን እንደሚሞላበትም አይታወቅም። ክዳኑ ሲከፈት ቀለበቱ የሚሰበር ድምፅ ካላሰማ፣ መለያው ወረቀት ከተጨማደደ ወይም ከተጣመመ፣ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ካነሰ አትግዢ። «እሳት ለኩሼ አየሁት፤ ሰማያዊ ነደደ» የሚልሽን አትመኚው። ሜታኖልም ይነዳል፤ በነበልባል ቀለም መለየት አይቻልም። በማግስቱ ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ የሚል ሰው ካለ ራስ ምታት ነው ብለሽ እንዳታስተኚው፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ እንግዶችሽ ግን ላያውቁ ይችላሉ።

ዊስኪ ጭራሽ ከጠፋ በጂን ሥሪው። የወንዛችንን ስም የያዘው ባሮስ ጂን ከማርና ከሎሚ ጋር ይስማማል።

3. ሎሚውን በዕለቱ ጭመቂ። የእኛ ሎሚ ትንሽ፣ ቆዳው ቀጭን፣ ኮምጣጣነቱ የበረታ ነው፤ 20 ሚሊ ሊትር ለማግኘት ሁለት ያህል ይፈልጋል። ከመቁረጥሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ ጫን አድርገሽ አንከባልይው፤ ውሃው ይላላል። ስትጨምቂ ግን ነጩ ቆዳ እስኪደቅ አትጭመቂ፤ መራራነቱ ከዚያ ይመጣል። ጠዋት የተጨመቀ ሎሚ ማታ ጣዕሙ ይደክማል፣ በማግስቱ ይመራል። ስለዚህ እንግዳ ሲቀመጥ ጀምሪ።

ሎሚ ከመጠጥ ጋር የተገናኘው ለጣዕም ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1740 ለመርከበኞች የሚሰጠውን ሮም በውሃ እንዲበረዝ አዘዘ፤ በ1795 ደግሞ ድድ ከሚያደማውና ጥርስ ከሚያረግፈው በሽታ ለመጠበቅ የሎሚ ጭማቂ ራሽን ሆነ። ጠንካራ መጠጥ፣ ውሃ፣ ሎሚና ስኳር አንድ ላይ የሚጠጣበት ልማድ በመርከብ ዓለም የዳበረ ነው። እኛም የመርከብ ሰዎች ነበርን። በ1902 እ.ኤ.አ. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና በክረምት ባሮ ሲሞላ የካርቱም እንፋሎት መርከቦች ይመጡ ነበር፤ ቡና ጭነው ወርደው ጨውና ጨርቅ ይዘው ይወጡ ነበር። ወንዙ ዳር ስትቆሚ ይህን አስቢ።

4. በስኳር ፋንታ የመዠንግርን ማር ተጠቀሚ። ይህን ምክር ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ስሚኝ። የፈረንጁ መጽሐፍ ስኳር በውሃ አሟሙ ይላል፤ ስኳር ግን ጣፋጭነት ብቻ ነው፤ ሽታ የለውም። በክልላችን በመዠንግር ዞን፣ በሜጢና በጎደሬ በኩል፣ ሰው ግንድ ቦርቡሮ ትልልቅ ዛፍ ላይ እየሰቀለ ንብ ያረባል። የመዠንግር ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደኑ ሲቆረጥ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ አብሮ ይሄዳል፤ ማሩን በደህና ዋጋ የሚገዛ ሰው ሲኖር ደግሞ ዛፉን ማቆየት ትርጉም ይኖረዋል። ጠቆር ያለውን፣ የደን ሽታ ያለውን ምረጪ። ጋምቤላ ገበያ ስትገዢ ጣትሽን ነክረሽ ቅመሺ፤ ስኳር የተደባለቀበት ማር ምላስ ላይ ቶሎ ይጠፋል፣ ጉሮሮ ላይም ምንም አይተውም።

ማርን ቀጥታ ቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ከጨመርሽው ደርቆ ታች ይቀራል። በመጀመሪያ ወፍራም ብርዝ አድርጊው፤ ሁለት እጅ ማር፣ አንድ እጅ ለብ ያለ ውሃ። የፈላ አይሁን፣ ሽታው ይጠፋል። አንድ የኮረሪማ ፍሬ ሰብረሽ ዘሩን ፈጭተሽ ውሃው ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቆዪው፤ አጥልለሽ ማሩን ጨምሪ። በፈረንጆቹ ኮክቴል ውስጥ የምሬቱንና የቅመሙን ሥራ የሚሠራው አንጎስቱራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1824 ዶክተር ዚገርት ቬኔዙዌላ ውስጥ አዘጋጀው፤ ዛሬ ከትሪኒዳድ ይመጣል። ኩሌ አታገኚውም፤ አያስፈልግሽምም። ኮረሪማ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ተክል ነው፤ ከማሩ ጋር የአንድ ጫካ ልጆች ናቸው። ዝንጅብል የምትወጂ ከሆነ አንድ ቀጭን ቁራጭ ብቻ፤ ከበዛ ዊስኪውን ይደፍቀዋል።

ብርዙን ለሚበቃሽ ብቻ በጥብጪ። ጋምቤላ ሙቀት ላይ ገሾ ባይገባበትም ያለ ፍሪጅ ከዋለና ካደረ መፍላት ይጀምራል። አረፋ ካየሽበት፣ ጎምዘዝ ካለ ለሳወር አትጠቀሚበት።

5. በረዶው የመጠጡ እኩሌታ ነው፤ የሚያሳምመውም እሱ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዝ ጀርምን አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ዊስኪውም በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ለደቂቃዎች ቆይቶ በረዶውን አያጸዳውም። ከ2006 እስከ 2007 ዓ.ም. በጋምቤላ ካምፖች፣ ኩሌም ውስጥ፣ ሄፓታይተስ ኢ ተነሥቶ ነበር፤ በ2017 ደግሞ ኮሌራ ክልሉን አስጨንቋል። ሁለቱም በውሃ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ምንጩን የማታውቂውን፣ ከመንገድ ዳር በጆንያ ተጠቅልሎ የሚሸጥ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አታግቢ። ጠርሙስ ለማቀዝቀዝ ከውጭ ይከበብበት፤ ለመጠጣት ግን አይሁን።

ከኢታንግ የውሃ ፕሮጀክት ለቴርኪዲና ለኩሌ ካምፖች የሚመጣው ውሃ በክሎሪን ይታከማል፤ ጤናን ይጠብቃል፤ በበረዶ ውስጥ ግን ሽታው ይሰማል። ስታፈዪው ክሎሪኑ ይወጣል፤ ከፈላ በኋላ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀዝቅዝና ሐሙስ ዕለት ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። ትንንሽ ከሆኑት የፕላስቲክ ቅርጾች ይልቅ በንጹሕ የምግብ ሣህን ትልቅ አድርገሽ አቀዝቅዢው፤ ትልቅ በረዶ በሙቀት ቶሎ አይሟሽሽም። ቅዳሜ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ በመዶሻ ትሰብሪዋለሽ።

አንድ ነገር በጥብቅ እነግርሻለሁ፤ የክትባት ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቢው። ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ቦታ ቢኖረውም አይሆንም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚኖረው፤ ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር፣ ሞቅ ያለ ነገር በገባ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል። እዚያ ካምፕ የኩፍኝ ክትባት ለሚጠብቁ ሕፃናት የተቀመጠ ብርድ ለኮክቴል አይነካም። የክትባት መያዣውን የበረዶ ብሎክም እንዲሁ። ፍሪጅ ከሌለሽ ኮክቴሉን ተዪና ጓደኞችሽን ቡና አፍልተሽ አስተናግጃቸው።

6. ነቅንቂው። የኮክቴል መንቀጥቀጫ ባይኖርሽ ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ የማርማላታ ብልቃጥ ይበቃል። ቀድመሽ ሎሚውንና ብርዙን አደባልቂ፤ ቅመሺ። እዚህ ላይ ከተሳሳትሽ በርካሽ ታስተካክያለሽ፤ ዊስኪው ገና አልፈሰሰም። የጆሮሽን ሥር የሚያጣብቅ ኮምጣጣ ሆኖ ወዲያው ማሩ ከኋላው መድረስ አለበት። ከዚያ ዊስኪው ይግባ፤ በመጨረሻ ብልቃጡን ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ በረዶ ጨምሪ። ክደኚና በሁለት እጅ ይዘሽ በኃይል ነቅንቂ፤ እስከ 12 ድረስ ብትቆጥሪ ይደርሳል። የብልቃጡ ውጭ ጤዛ ይለብሳል፣ እጅሽን ይቆነጥጠዋል፤ ያኔ አቁሚ። ጋምቤላ ላይ ከዚያ በላይ ከነቀነቅሽው በረዶው ሁሉ ውሃ ይሆናል። ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃ የመጠጡ አካል ነው፤ ዊስኪውን የሚያለዝበው እሱ ነው፤ ሲበዛ ግን ሎሚ ውሃ ጠጣሁ ያሰኛል።

ለስላሳ ጋዝ ያለው ነገር ብልቃጥ ውስጥ ከድነሽ አትነቅንቂ፤ ይፈነዳል። በሻይ ማጥለያ አጥልለሽ አዲስ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ላይ አፍስሺው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና ብርጭቆውም አጭርና ወፍራም ይሁን፤ ረጅም ብርጭቆ ይህን መጠጥ ጎዶሎ ያስመስለዋል፣ እንግዳም «ሙይልኝ» ይላል። ከሎሚው ቆዳ ትንሽ ልጠሽ ከመጠጡ በላይ ጠምዝዢው፤ የሚረጨው ዘይት አፍንጫ ላይ ይደርሳል።

7. እንቁላሉን እርሺው። ብዙ ቦታ የእንቁላሉን ነጭ ይጨምሩበታል፤ አረፋው እንደ ነጭ ሐር ያምራል። በዚያ ሙቀት ከገበያ የመጣ ጥሬ እንቁላል ግን ለእንግዳ አይሰጥም፤ ሎሚና ዊስኪ ሳልሞኔላን በደቂቃ አይገድሉም። አረፋ ካማረሽ ሽምብራ ያለ ጨው ቀቅለሽ ውሃው ወፈር እስኪል አቀዝቅዢው፤ ከሱ 15 ሚሊ ሊትር መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ቀጥሎ በበረዶ ነቅንቂ። አረፋው ከእንቁላሉ አያንስም።

8. ቁጥሩን ለእንግዳ አትተዪ። ሁለት ብርጭቆ ለአንድ ሰው፣ በመካከሉ ውሃና የሚበላ ነገር፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ይነሣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከጉዳት ነፃ የሆነ የአልኮል መጠን የለም ይላል፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስቀዳ ኖሬ አልከራከረውም። ሰውነት አንዱን ብርጭቆ ለማስወገድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። መኪና የሚነዳ፣ ሞተር የሚነዳ ሰው አንድም አይቅመስ፤ ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ ሌሊት ከብትም ሰውም አለበት። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከልክሎታል፤ ቤትሽም ይህንኑ ያክብር። ሜትሮኒዳዞል የጀመረ፣ ወባ ይዞት የወባ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ከመካከላችሁ እንዳለ አስቀድመሽ ጠይቂ። የሚጠጣ ሰው አጎበሩን ሳያወርድ ይተኛል፤ ቅዳሜ የጠጣችሁ እሑድ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በኋላ በወባ ትታመማላችሁ።

9. ካምፑን አስቢ። ኩሌ በግንቦት 2006 የተከፈተው በታኅሣሥ ጁባ ላይ የተነሣውን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። በሰኔ 2015 የእርዳታ እህሉ ተቋርጦ እስከ ቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሲቆይ ምን እንደሆነ እዚያ የነበሩ የሥራ ባልደረቦችሽን ጠይቂያቸው። ከአጥርሽ ማዶ ላለች እናት አንድ ጠርሙስ ዊስኪ ማለት የብዙ ቀን ምግብ ነው። ይህን የምልሽ እንድትሸማቀቂ አይደለም፤ ደክሞሽ ከዋልሽበት ክሊኒክ ወጥተሽ ከጓደኛ ጋር መሳቅ ይገባሻል። ግን ሙዚቃው ዝቅ ይበል፣ ባዶ ጠርሙስ ልጆች የሚያገኙበት ቦታ አይጣል፣ ካምፕ ውስጥ ይዘሽ አትግቢ፣ ውሃ ለቀዳልሽም ሆነ ዕቃ ለተሸከመልሽ ሰው በመጠጥ አትክፈዪ። በመጠጥ የሚከፈለው ሰው ቤት ሚስቱ ምን እንደምትቀበል አንቺ ክሊኒክ ውስጥ ታይዋለሽ።

እዚያው ካምፕ ከማሽላ ጠላ እየጠመቁ፣ አረቄ እያወጡ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አትናቂያቸው። ከዕለት እህላቸው ቀንሰው ጠምቀው የሳሙናና የደብተር ብር ያወጡበታል፤ ሌላ ሥራ ቢኖር ሌላውን ይሠሩ ነበር። አንቺ በመለኪያ የምትሠሪውን እነሱ በእጅና በአፍንጫ ይሠሩታል፤ ማሽላው መች በቃው፣ እሳቱ መች ይቀንስ የሚለውን ከእናታቸው ተምረውታል። የአረቄው መጀመሪያ የሚወጣው ጠንካራው ክፍል ለምን እንደሚጣል፣ የሚጥለውና የማይጥለው ማን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ከጤና ትምህርት በራሪ ወረቀት ይልቅ እንዲህ ያለው ጨዋታ ያቀራርባችኋል፤ ለሥራሽም ይጠቅምሻል።

10. ለማይጠጣው እንግዳ ከሚጠጣው ያልተናነሰ ነገር አዘጋጂ። ከሥራ ባልደረቦችሽ ሙስሊም አለ፣ አጥባቂ ፕሮቴስታንት አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ጾም የያዘ አለ። ለእነሱ ኮካ ኮላ ጠርሙስ ወርውሮ መስጠት አሳላፊነት አይደለም። ያው ብልቃጥ፣ ያው በረዶ፣ ያው አጭር ብርጭቆ ይሁንላቸው። በዊስኪው ቦታ ውሽውሽ ሻይ ወፍራም አድርገሽ አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ 60 ሚሊ ሊትር ቅጂ፤ ሎሚውና ብርዙ እንደነበረ ይቆይ። ሻዩ ትንሽ ምላስ ያዝ ስለሚያደርግ የበርሜሉን እንጨት ይተካል።

ከሁሉ የምወደው ግን የከርከዴው ነው። አንድ እፍኝ ደረቅ ከርከዴ በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይና ይጠለል፤ ሲቀዘቅዝ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ሎሚውን ወደ 5 ሚሊ ሊትር አውርጂው፤ ብርዙን ወደ 20 ከፍ አድርጊው፤ ከርከዴው 60 ይሁን። ሲነቀነቅ ከላይ ሮዝ አረፋ ይይዛል። ከእንግዶችሽ ሕፃን ይዛ የምትመጣ ካለች አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ እንዳይቀምሱት ንገሪያት፤ ማር አለበት። ሁለት ሊትር ያህል አፍልተሽ አስቀምጪ፤ ዊስኪ የጠጡትም ሁለተኛውን ብርጭቆ ትተው ወደሱ ይዞራሉና ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።